«ቤትሽ ሆነሽ አክሚው»

ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ከጤና ጣቢያ ሲመለስ እናቱ ይዛው የምትሄደው ነገር ብዙ አይደለም። ጥቂት ፓኬት ኦአርኤስ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን የሚሰጥ ዚንክ፣ ከዚያም «ቤትሽ ሆነሽ አክሚው፤ ካልተሻለው ተመልሰሽ አምጪው» የሚል ምክር። ምክሩ ትክክል ነው። አብዛኛው የልጆች ተቅማጥ ቤት ውስጥ በፈሳሽ፣ በጡትና በምግብ ይድናል። እኔን የሚከነክነኝ ይህን ምክር የምንሰጠው እናትየዋ የምትመለስበት ቤት ምን እንደሚመስል ሳንጠይቅ መሆኑ ነው።

ምክሩ የሚጠይቀውን እንየው። አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል። ልጁ ከ2 ዓመት በታች ከሆነ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ በቡና ሲኒ ብንለካው አንድ ወይም አንድ ተኩል ገደማ፣ በማንኪያ ቀስ እየተደረገ ይሰጠዋል። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ያህል ተጠብቆ እንደገና ይጀመራል። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ተደፍቶ አዲስ ይዘጋጃል። ጡት አይቋረጥም፤ ምግብም አይከለከልም። በቀን ስምንት ጊዜ የሚያስቀምጠው ልጅ ያላት እናት ይህን ሁሉ ልታደርግ የምትችለው ከአጠገቡ ሳትነሣ ከዋለች ነው። ፓኬቱ ርካሽ ነው፤ በጤና ኬላ በነፃ የሚገኝበት ጊዜም ብዙ ነው። ውድ የሚሆንባት ቀኑ ነው።

እኛ ሰፈር በየቤቱ እየዞረች ልብስ የምታጥብ እናት አለች። ባለፈው ክረምት የዓመት ከአራት ወር ልጇን ተቅማጥ ያዘው። ልጠይቀው ብቅ ስል ኦአርኤሱን በሻይ ብርጭቆ በጥብጣው አገኘኋት።

«ይኼ እኮ በሊትር ነው የሚበጠበጠው። እንዲህ ከወፈረ ጨው ይበዛበታል» አልኳት።

«አውቃለሁ ጋሼ፤ ነግረውኛል» አለች። «ግማሹን ነው የጨመርኩት። ሊትር ሙሉ ብበጠብጠው የተረፈው ነገ ይደፋል፤ ፓኬቱ ደግሞ ሁለት ብቻ ነው የቀረኝ። እኔ ነገ የማጥበው አለብኝ። እህቱ ናት የምታጠጣው።»

እህቱ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር እንጂ ከትምህርቷም መቅረቷ ነበር። አንዲት ጎረቤት ባለ አንድ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ አምጥታ አጥባ ሰጠቻት፤ በዚያ እየለኩ በጠበጡ። ጨው የበዛበት ኦአርኤስ የልጁን ሕመም ሊያባብስ ስለሚችል ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የእናትየዋ ቀን ግን በፕላስቲክ አልተፈታም። ሳታጥብ የዋለችበት ቀን ገንዘብ የለውም፤ ደጋግማ ከቀረች ደግሞ ቤቱ ለሌላ አጣቢ ይሰጣል። በማግሥቱ ሄደች። እኔ በእሷ ቦታ ብሆንም እሄድ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ጉዳይ በተወራ ቁጥር «የግንዛቤ እጥረት» ሲባል እሰማለሁ። ይህች ሴት ግን በትክክል ተነግሯታል፣ በትክክልም ሰምታለች። ያጣችው ሌላ ነገር ነው።

ብዙ እናቶች ከመድኃኒት ቤት ፍላጅል ወይም ሌላ ሽሮፕ ስለሚገዙ እንወቅሳቸዋለን። ኦአርኤስ ሕይወት የሚያድነው ከሰውነት የወጣውን ውኃና ጨው በመተካት ነው እንጂ ተቅማጡን ቀጥ አድርጎ በማቆም አይደለም። ነገ ሥራ መግባት ያለባት ሴት የምትፈልገው ደግሞ የሚያቆምላትን ነገር ነው። ልጁ በማግሥቱም ካስቀመጠው «መድኃኒቱ አልሠራም» ትላለች፤ ባለቤቷም «ውኃ ብቻ ሰጥተውሽ ላኩሽ?» ይላታል። ከዚያ ተበድራ ውድ የሆነውን ትገዛለች። ደም የሌለበት ተራ ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ በእንዲህ ዓይነት መድኃኒት አይድንም፤ ገንዘቡ ይባክናል፣ ጀርሙም መድኃኒት ይለምዳል። ለዚህች እናት ከምንም በላይ የሚጠቅማት ዚንክ ነበር። የተቅማጡን ጊዜ ያሳጥራል፤ በአግባቡ ከተጨረሰ በቀጣዮቹ ወራት ተቅማጡ ቶሎ እንዳይመለስም ያግዛል። ይህን በግልጽ አንነግራትም። «ለ10 ቀን ስጪው» ብለን እንሸኛታለን፤ እሷም ልጁ ሻል ሲለው በሦስተኛው ቀን ታቆመዋለች።

ውኃውም የራሱ ችግር አለው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ባለበት ቤት ከወትሮው የበለጠ ውኃ ይፈለጋል። የሚጠጣ፣ እጅ የሚታጠቡበት፣ በየሰዓቱ የሚቆሽሸው ጨርቅ የሚታጠብበት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያ ሁሉ የሚወጣው ከአንድ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነው። ውኃ አፍልተሽ አቀዝቅዢ የምንላት ሴት ከሰል የምትገዛው በላስቲክ፣ ለዕለቱ ወጥ የሚበቃትን ያህል ነው። ግቢው ውስጥ ለብዙ አባወራ አንድ መጸዳጃ ቤት ካለ ደግሞ የዳነው ልጅ ከሳምንታት በኋላ መልሶ ይታመማል። ገጠር ያለችው እናት ከምንጭ ቀድታ እስክትመለስ ልጁ በማን እጅ እንደሚቆይ አንባቢ ያስበው።

እርግጥ ነው፣ በገንዘብ እጦት ብቻ የማይገለጽም አለ። «ጥርስ ሲያበቅል ነው፣ ተዉት» የሚሉ አያቶች፣ «ሆዱ ይረፍ» ብለው ምግብና ውኃ የሚከለክሉ አማቶች፣ ግግ ካልወጣለት አይድንም የሚሉ ዘመዶች አሉ። ገና ድዱ ውስጥ ያለ የወተት ጥርሱ በስለት ተነቅሎ ልጁ ደም ሲፈሰው ማየት የሚዘገንን ነው፤ ይህ ልማድ መቆም አለበት። ነገር ግን የ20 ዓመት ምራት አማቷን ተቃውማ «የለም፣ አጠጣዋለሁ» ለማለት በቤቱ ውስጥ የቆመችበት መሬት ያስፈልጋታል። ገንዘቡ በባሏ ኪስ፣ ውሳኔው በአማቷ አፍ ከሆነ ጤና ኬላ የተማረችው ትምህርት ደጃፉን አያልፍም።

አገራችን ምንም አልሠራችም አልልም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከ30 ሺሕ በላይ ሴቶችን በየቀበሌው አሠማርቷል። በ2006 ዓ.ም. የሮታ ቫይረስ ክትባት ገብቷል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ተቅማጥ ከያዛቸው ልጆች ኦአርኤስ ያገኙት 30 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። ዓለም ላይ በዚህ በሽታ በየዓመቱ ከ400 ሺሕ በላይ ሕፃናት ይሞታሉ፤ መድኃኒቱ ግን ከታወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል።

ባንግላዴሽ ለእኛ ትምህርት ልትሆነን ትችላለች። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብራክ የተባለው ድርጅት ሴት አስተማሪዎችን ቤት ለቤት ልኮ እናቶች በጨውና በስኳር፣ በእጃቸው እየለኩ ፈሳሹን ራሳቸው እንዲያዘጋጁ አስተማረ፤ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ተዳረሱ። የአስተማሪዎቹ ክፍያ የተሰላው በጎበኙት ቤት ብዛት አልነበረም፤ እናቶቹ ቆይተው ሲጠየቁ ምን ያህል ማስታወስና መሥራት እንደቻሉ ታይቶ ነበር። እናቶቹ እያወቁ እንደማይጠቀሙበት ሲታወቅም ወንዶቹን ሰብስበው ማስረዳት ጀመሩ። ቤቱን የሚያዝዘው ማን እንደሆነ ገብቷቸዋል።

እኛም መነሻ የሚሆኑ ነገሮች አሉን። ድሆች በማኅበረሰብ ሥራ እየተሳተፉ ድጋፍ በሚያገኙበት የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ከሥራው ነፃ ሆነው ድጋፉን እንዲያገኙ ተደንግጓል፤ እናትን ከሥራ አሳርፎ ገቢዋን አለማቋረጥ ይቻላል ማለት ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ዐዋጅ ቁጥር 1064/2010 በመሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲቋቋም አዝዞ ነበር። ልብስ አጣቢዋ፣ የጉሊት ነጋዴዋ፣ ሲሚንቶ ተሸካሚዋ ግን በዚህ ዐዋጅ ውስጥ አልነበሩም። የልጆቻቸው ሕመም የሚታከመው በእነሱ የዕለት ገቢ ነው። በየወረዳው ለእነዚህ እናቶች የሚሆን፣ ኦአርኤስ መበጥበጥ የሚችል ሰው ያለበት የሕፃናት ማቆያ መክፈት ከአቅማችን በላይ ነው ብሎ የሚያሳምነኝ የለም።

ይህን የምታነብቡ አሠሪዎች፣ ቤታችሁ የምታጥብ ወይም የምትጋግር ሴት «ልጄ ታሞብኛል» ካለቻችሁ የዕለቱን ክፈሏትና ወደ ቤቷ ስደዷት፤ በማግሥቱም ቦታዋ እንዳለ ንገሯት። ባሎች፣ ውኃውን እናንተ ቅዱ፣ ማንኪያውንም ያዙ። ጎረቤቶች፣ ፓኬቱና ባለ አንድ ሊትሩ ፕላስቲክ ክረምት ሳይገባ ቤታችሁ ይኑር። የልጁ ዓይን ከጎደጎደ፣ እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ቶሎ ካልተመለሰ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰገራው ላይ ደም ካያችሁ ነገ አትበሉ፤ ለመኪናው አዋጥታችሁ በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ አድርሱት።