ተራራ ከመምረጥ በፊት ጉልበትን መጠየቅ

ለሦስት ወር ያህል ከዚህ ዓምድ ስጠፋ «ሲስተር ምን ነካቸው?» ብላችሁ ለጠየቃችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ደህና ነኝ። ገናን እዚሁ አክብሬ በማግስቱ ቪየና ወደምትኖረው ልጄ ሄጄ ነበር። የሴት አያት ሥራ የታወቀ ነው፤ ባልና ሚስቱ ሥራ ሲውሉ ሁለቱን የልጅ ልጆቼን መያዝ፣ ሽሮ መሥራት፣ ማታ ማታ ደግሞ ተረት ማውራት።

ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ በረዶ ነው። «በዚህ ዕድሜያቸው ስኪ ጀመሩ እንዴ?» እንዳትሉኝ። እኔ የተንሸራተትኩት አንድ ቀን ትራም ፌርማታ አጠገብ ነው፤ እሱም ሳልፈልግ። ነገሩ የልጄና የባሏ ነው።

ኦስትሪያ ውስጥ ስኪ እንደ እኛ አገር እግር ኳስ ነው። ትምህርት ቤቶች ሳይቀሩ ተማሪዎቻቸውን ለአንድ ሳምንት ተራራ ይዘው ይወጣሉ። ልጄና ባሏ የተማሩት ካደጉ በኋላ ሲሆን፣ ልምምዳቸውም ከቪየና ብዙ በማይርቀው በዜመሪንግ ተራራ ላይ ነበር። ዛሬ ሁለቱም «መካከለኛ» የሚባለው ደረጃ ላይ ናቸው። እዚያ አገር የመንሸራተቻው መንገድ በቀለም ይለያል፤ ሰማያዊው ቀላል፣ ቀዩ መካከለኛ፣ ጥቁሩ ከባድ ነው። በሰማያዊው መንገድ በመቶ ሜትር ርቀት እስከ 25 ሜትር ይወረዳል፤ በቀዩ እስከ 40 ሜትር። ከዚያ በላይ ቁልቁል የሆነው ጥቁር ነው። መካከለኛ ሰው ማለት ሰማያዊውን እየተጫወተ፣ ቀዩን እየተጠነቀቀ የሚወርድ ነው።

ልጄ ሆስፒታል ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች፤ ባሏ ትራም ነጂ ነው። እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል። የመጀመሪያው ልጅ ከተወለደ ወዲህ ባሉት ስድስት ዓመታት ሁለቱ ብቻቸውን አንዲት ሌሊት ከቤት ውጪ አድረው አያውቁም። የእኔን መምጣት ሲሰሙ «እማዬ ልጆቹን ትይዝልናለች» ብለው ለአምስት ቀን ስኪ ሊሄዱ አሰቡ። የት ይሂዱ የሚለው ግን ከባድ ጥያቄ ሆነ።

የልጄ ባል የፈለገው ዛንክት አንቶንን ነው። እውነት ለመናገር ስመ ጥር ቦታ ነው። ባቡሩ መንደሩ መሀል ያወርዳል። የዛሬውን የስኪ አስተማሪነት ሙያ ቅርጽ ካስያዙት አንዱ የሆነው ሃነስ ሽናይደር ያስተምር የነበረውም እዚያው ነው። ከአጎራባቾቹ መንደሮች ጋር ተያይዞ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለው። ችግሩ ግን እዚያ ሰማያዊ የተባለው መንገድ ሌላ ቦታ ቀይ የሚባለውን ያህል ያስቸግራል ይባላል፤ ማሽን የማያስተካክላቸው መውረጃዎችም ብዙ ናቸው። ለደፋርና ለጎበዝ ሰው ገነት ነው። ለመካከለኛ ሰው ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሊሆን ይችላል።

ልጄ ይህን ሁሉ ሰምታ ዝም አለች፤ ቆይታም «አንተ ደስ ያለህ ይሁን» አለች። ብዙ ዓመት በትዳር የኖራችሁ ይህች ቃል ምን እንደምትደብቅ ታውቃላችሁ።

እኔ ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት አንድ ነገር አይቼ ነበር። የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ነው። ልጄ ደረጃውን ስትወርድ ቀኝ እግሯን አስቀድማ፣ ግራውን ከኋላ እያስከተለች፣ በአንዱ ደረጃ ሁለት እግር እያሳረፈች ነበር የምትወርደው። በሠላሳ ምናምን ዓመት የነርስነት ሥራዬ እንዲህ የሚወርድ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ «ነይ እስኪ ሱሪሽን ሰብስቢ» አልኳት። ጉልበቷ አላበጠም። የቀኝ ጭኗ ግን ከግራው ሲተያይ ከስቷል። ጭን የሚከሳው ሰው ለወራት እግሩን ሲሰስት ነው።

«እማዬ፣ አምና ዜመሪንግ ላይ ወድቄ ጠመዘዘኝ» አለች። «ለእሱ እንዳትነግሪው።»

«ለምን?»

«ካወቀ ይቀር ይላል። አንቺና አባዬ ላንጋኖ እንሄዳለን እንዳላችሁ ቀራችሁ እኮ።»

መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው። እኔና ባለቤቴ ጡረታ ስንወጣ ላንጋኖ ሄደን አንድ ሳምንት ልንቀመጥ ለሃያ ዓመት ተነጋግረናል። ልጆቹ ይደጉ፣ ቤቱ ይለቅ፣ የእሱ ጡረታ ይውጣ እያልን ስናስተላልፍ ጡረታው ወጣ፤ በስድስተኛው ወር እሱ አረፈ። ልጄ ይህን በልቧ ይዛ እንደኖረች እስከዚያች ሌሊት አላወቅኩም ነበር።

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። የሰው ምስጢር መጠበቅ ሙያዬ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ጉልበት ስኪ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የአካል ክፍል መሆኑን አውቃለሁ። ድሮ ቁርጭምጭሚትና ቅልጥም ይሰበር ነበር፤ ጫማውን ከስኪው የሚያያይዘው ማሰሪያ ሰው ሲወድቅ እንዲለቅ ሆኖ መሠራት ከጀመረ ወዲህ ያ ቀንሷል። የጉልበት ጅማት መበጠስ ግን አልቀረም፤ በሴቶች ላይ ደግሞ ይብሳል። የተበጠሰ ጅማት ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮን ይጠይቃል፤ ወደ ስፖርት ለመመለስ ቢያንስ ብዙ ወራት ይፈጃል። ሁለት ሕፃናት ያሏትና ቆማ የምትሠራ ሴት ይህን ከየት ታመጣለች?

በሦስተኛው ቀን «እኔ አልነግረውም» አልኳት። «ግን አንቺ ካልነገርሽው ልጆቹን አልይዝም።»

ጨካኝ ነኝ? ምናልባት። ያቺን ሌሊት እኔም አልተኛሁም። ጠዋት ኩሽና ውስጥ ድምፃቸው ሲወርድና ሲወጣ ሰማሁ። ቅር ያለው በጉልበቷ አልነበረም። «ለእኔ ሳትነግሪኝ ዓመት ሙሉ?» ነበር የሚለው። ቆይቶ ወደ እኔ መጥቶ «እማዬ፣ እርስዎ እንዴት አወቁ?» አለኝ። «ደረጃው ነገረኝ» አልኩት። «እኔ በየቀኑ አብሬያት ነው የምወርደው» አለና አንገቱን ደፋ። «አይ ልጄ፣ አንተ ሁልጊዜ ከፊቷ ነው የምትወርደው» አልኩት። ይህን ብዬ ተጸጽቼ ነበር፤ በኋላ ግን እሱ ራሱ እየደጋገመ ያነሳው ጀመር።

ሐኪም አያት፣ ፎቶም ተነሳች። ጅማቱ ተስቦ ነበር እንጂ አልተበጠሰም። ለስምንት ሳምንት ፊዚዮቴራፒ እየሄደች ጭኗን እንድታጠነክር፣ ከዚያም በቀላል መንገድ ብቻ እንድትንሸራተት ተፈቀደላት። ጉዞው ከየካቲት ወደ መጋቢት ተገፋ። ይህም በጀን፤ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ በሚሉት ወር የኦስትሪያ ትምህርት ቤቶች በየክፍለ ሀገሩ ተራ በተራ ለአንድ ሳምንት ስለሚዘጉ ተራራው ይጨናነቃል፣ አልጋውም ይወደዳል።

አሁን ካርታው እንደገና ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። በዚህ ጊዜ ሦስታችንም ተቀመጥን።

ኦበርጉርግል የሚባል ከፍ ያለ መንደር አለ፤ 1,930 ሜትር ላይ ነው። ጸጥ ያለ ነው፤ በረዶውም እስከ ሚያዝያ አይጠፋም። «በጣም ከፍተኛ ቦታ ነው» ብለው ሲነግሩኝ ሳቅሁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ አይደለችም እንዴ? እነሱ በረዶ የሚያገኙት ከእኛ ስለሚበልጡ ሳይሆን ከምድር ወገብ ስለሚርቁ ነው። ኦበርጉርግል ጥሩ ነበር፤ ለእነሱ ግን ራቀባቸው። ባቡሩ ሸለቆው አፍ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ አለ፤ እነሱ ደግሞ መኪና የላቸውም።

ዞል እና ኤልማው ያሉበት ስኪቬልት የሚባለው አካባቢ ሰፊ ነው፤ አብዛኛው መንገዱም ሰማያዊና ቀይ ስለሆነ ለመካከለኛ ሰው የተሠራ ይመስላል። ነገር ግን ዝቅ ያለ ነው፤ በመጋቢት ሙቀት በረዶው ሊሳሳ ይችላል። ኪትስቢዩል ውድ ነው። ኢሽግል ከፍ ያለና በረዶው የማያሳስብ ነው፤ ማታ ማታ ግን ጭፈራው ብዙ ነው፤ እነሱ ደግሞ የናፈቃቸው እንቅልፍ ነበር።

በ2025 የዓለም የአልፓይን ስኪ ሻምፒዮና የተካሄደበት ዛልባኽ ሁለቱንም ማረካቸው። 270 ኪሎ ሜትር መንገድ አለው፤ ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው በሰማያዊና በቀይ እየተሸጋገሩ ሳይደጋግሙ መዋል ይቻላል። በመጨረሻ የመረጡት ግን ጎረቤቱን ሴል አም ዜን ነው። ምክንያታቸውን ልንገራችሁ።

ሴል ከተማ ናት፤ ሐይቅ ዳር ናት፤ ባቡር ጣቢያው ከተማው ውስጥ ነው። ልጄ ጉልበቷ ደከመኝ ካለ ሐይቁን ዞራ፣ ቡና ጠጥታ ትውላለች። ተራራው ሽሚተንሆኸ አናቱ ላይ ለስላሳ መንገዶች አሉት። ወደ ከተማው የሚያወርደው መንገድ ከባድ ነው፤ ግን በኬብል ካር መውረድ ይቻላል፤ የሚያሳፍርም ነገር የለውም። በአንድ ቲኬት ዛልባኽም መሄድ ይቻላል፤ በካፕሩን በኩል ያለው ኪትስሽታይንሆርንም ይገባበታል። ይህ የበረዶ ግግር ያለው ተራራ 3,203 ሜትር ነው፤ በእኛ ሚዛን እንጦጦ አናት ላይ እንደ መውጣት ማለት ነው። ታች ያለው በረዶ ቢቀልጥ እዚያ ላይ አለ። ባልየው ፈጠን ብሎ መሄድ ሲያምረው ግማሽ ቀን ብቻውን ዛልባኽ ይሄድና ለምሳ ይመለሳል።

ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ከተማው ውስጥ ዝናብ ዘነበ፤ ስለዚህ ወደ ኪትስሽታይንሆርን ወጡ። በሦስተኛው ቀን እሱ ዛልባኽ፣ እሷ ሐይቅ ዳር ዋሉ። በአራተኛው ቀን ልጄ ደውላ «እማዬ፣ ዛሬ ከኋላዬ እየወረደ ነው» አለችኝ። ሌላ አላለችም። እኔም አልጠየቅኩም።

ወላጆችና አያቶች፣ ልጆቻችሁ በአውሮፓም ሆነ በሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ጉዞ ሲያስቡ ይህችን የነርስ ምክር አካፍሏቸው።

አንደኛ፣ ቦታው የሚመረጠው ከሁለቱ ደከም ባለው ሰው አቅም ነው። ጎበዙ ቀላል ቦታ ላይ መጫወቻ አያጣም፤ ደካማው ግን ከባድ ቦታ ላይ መውጫ የለውም።

ሁለተኛ፣ ስኪ ሲከራዩ ማሰሪያው በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜና በችሎታ ልክ ይስተካከላል። ለኩራት ብሎ ክብደትን መቀነስ ወይም ችሎታን መጨመር ጉልበትን ያስከፍላል።

ሦስተኛ፣ ሄልሜት ይደረግ። በአብዛኞቹ የኦስትሪያ ክፍላተ ሀገራት ከ15 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግዴታ ነው፤ ለአዋቂም ግዴታ ባይሆን ጭንቅላቱ ያው አንድ ነው።

አራተኛ፣ ኢንሹራንስ። የኦስትሪያ የጤና መድን ሆስፒታሉን ይሸፍናል፤ ከተራራ ላይ የሚያነሳውን ሄሊኮፕተር ግን ለመዝናኛ ስፖርት አደጋ ብዙውን ጊዜ አይከፍልም። ሒሳቡ በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ነው። የአገሪቱ የተራራ ማኅበር አባልነት ይህን የሚሸፍን መድን አለው። የተራራ አደጋ ጥሪ ቁጥሩ 140 ነው፤ ስልካቸው ላይ ይመዝግቡት።

አምስተኛ፣ «አንድ ዙር ብቻ» የምትባለውን የመጨረሻ ዙር ይተዉ። ሰው የሚወድቀው እግሩ ሲዝል ነው። ዝሎ ከመውረድ ኬብል ካር ተሳፍሮ መውረድ ይሻላል።

ስድስተኛው ለእኛ ለወላጆች ነው። ልጆቻችን የእኛን ምክር ረስተው የእኛን ኑሮ ይማራሉ። እኔ «ጤንነትሽን ጠብቂ» ስላት ኖሬያለሁ፤ ልጄ የያዘችው ግን ያልሄድንበትን ላንጋኖ ነው። ጉልበቷን የደበቀችው በዚያ ምክንያት ነው። እንግዲህ ለትንሣኤ እህቴን ይዤ ላንጋኖ ልሄድ ነው። ፎቶ እልክላታለሁ።

የሳምንት ሰው ይበለን። ቸር ሰንብቱ።