ወንዙ ከእናት ይበልጣል እንዴ?

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ከጨፋ ሮቢት መጣች። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከቦርሳዋ በላስቲክ የተቋጠረ ግራጫ ዱቄት አወጣች።

«ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነዋ! ለማቅለሽለሹ።»

ቅጠልና የተፈጨ ድንጋይ ነው። የምን ቅጠል? የምን ድንጋይ? አታውቅም። አዋቂው አይናገርም፤ ከተናገረ መድኃኒቱ አይሠራም።

እኛ የከተማ ልጆች ሁለት ዓይነት ነን። ግማሻችን «ኋላቀርነት!» ብለን እናጣጥላለን። ግማሻችን ደግሞ ማኪያቷችንን እየጠጣን «ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» እንላለን። እኔን የሚያናድደኝ ሁለተኛው ነው። ኮሶም ተፈጥሮ ነው፤ እናቶቻችን ግን ያስወርዳል ብለው ለነፍሰ ጡር አይሰጡም። እርሳስም ከመሬት የሚወጣ ነው፤ ከእናቲቱ ደም ወደ ፅንሱ አልፎ አንጎሉን ይጎዳል። አክስቴ የኮሶውን ታውቃለች። የዱቄቱን በምን ትወቀው?

«የፈረንጅስ መድኃኒት?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው! ታሊዶማይድም ለነፍሰ ጡር ማቅለሽለሽ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ከገበያ እስኪወጣ ድረስ ከአሥር ሺህ በላይ ሕፃናት አካላቸው ጎድሎ ተወለዱ። በእርግዝና ላይ ሳይፈተሽ ነበር የተሸጠው።

እንዶድን ደግሞ አስታውሱ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለመግደል እንዶዱን ወንዝ ውስጥ ይጨመር ሲባል ግን ዓለም አቀፍ ተቋማት የመርዛማነት ምርመራ ጠየቁ፤ ነገሩ ዓመታት ፈጀ። ያንኑ እንዶድ ለማስወረድ ብላ የምትጠጣዋን ሴትስ ማን ጠየቀላት?

ምርመራው እዚሁ አገር ይቻላል። የተለንጅ ቅጠል በነፍሰ ጡር አይጦች ላይ ተሞክሯል፤ በልክ እየተሰጣቸው የፅንሶቹ ክብደትና አጥንት ይታያል። በዱቄቱ ውስጥ እርሳስ ወይም አርሴኒክ መኖሩን ለማወቅማ ቁንጥር ናሙና ይበቃል። ምስጢሩ? ይቆይለት! አዋቂው የቅጠሉን ስም ሳይናገር ዱቄቱን በቁጥር ብቻ ያስረክብ፤ ውጤቱ ግን ለእሱም ለምትጠጣዋም ይነገር። በየዐውደ ጥናቱ «ባህላዊ መድኃኒት ሀብታችን ነው» የምትሉ ሹማምንት፣ ለነፍሰ ጡር ከሚሰጠው ጀምሩና አሳዩን።

ዱቄቱን ተቀብዬ አስቀመጥኩት። ማታ አክስቴ ደወለች።

«ታዲያ ምን ትጠጣ፣ ልጄ?»

«ጤና ጣቢያ ሄዳ ትጠይቅ።»

«ይህን እጠጣለሁ ስትላቸው እኮ ይቆጧታል» አለችኝ።