መቀስ የሠራውን «ባህል» ማለት

ስለ ምሥራቅ እስያ ሲኒማ የሚጽፉ ብዙ የምዕራብ ሃያሲያን የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን የሚተርክ ፊልም ሲገጥማቸው ከአንድ ቃል አይርቁም፤ ቁጥብነት። ሳይነገር የቀረው ቃል፣ ሳይነካ የተመለሰው እጅ፣ በበር ስንጥቅ የታየው ፊት፣ ሁሉም የእስያ መንፈስ መገለጫ እየተባለ ይወደሳል። በሌላ ወገን በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የቻይና የኢንተርኔት ቪዲዮ መመሪያ ይህንኑ ፍቅር ጤናማ ካልሆኑ የወሲብ ግንኙነቶች መደበው። አንዱ ያደንቃል፣ ሌላው ይከለክላል፤ ስሕተታቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም ጽሕፈት ቤት የወሰነውን የሕዝብ ጠባይ አድርገው ይቆጥሩታል።

የዛንግ ዩዋን «ምሥራቅ ቤተ መንግሥት፣ ምዕራብ ቤተ መንግሥት» አንድ ፖሊስ በቤይጂንግ መናፈሻ የያዘውን ወጣት ደራሲ ሌሊቱን ሲመረምር ያሳያል። የተያዘው ሰው ዝም አላለም። መውደዱን፣ መዋረዱን፣ መርማሪውን ራሱን መመኘቱን ሳይቀር ይተርካል፤ የሚሸማቀቀው ፖሊሱ ነው። በ1997 ፊልሙ ካን ሲደርስ ዳይሬክተሩ አልደረሰም፤ መንግሥት ፓስፖርቱን ወስዶበት ነበር። ከዚህ ፊልም ውስጥ ቁጥብነትን የሚያወጣ ሃያሲ ካለ ፊልሙን አላየውም ማለት ነው።

የቼን ካይጌ «ዕቁባቴ ሆይ፣ ደኅና ሁኚ» በኦፔራ መድረክ ሴት ሆኖ እየተጫወተ ያደገ ወንድ ለመድረክ ባልደረባው ያለውን የዕድሜ ልክ ፍቅር ይተርካል። በ1993 በካን ወርቃማውን ዘንባባ ተጋራ፤ በአገሩ ግን መጀመሪያ ታገደ፣ ኋላም ተቆርጦ ታየ። (አሜሪካ ውስጥ ያሠራጨው ኩባንያም 14 ደቂቃ ያህል ቆርጦለታል። ያንን ግን «የአሜሪካ ቁጥብነት» ያለው የለም።)

በሰምና ወርቅ ያደገ አንባቢ የተሸሸገ ነገር ስለሚጥመው ለዚህ ውዳሴ ልቡ ይከፈት ይሆናል። ነገር ግን ባለቅኔው ወርቁን የሚሸሽገው አዋቂ ፈልቅቆ እንዲያገኘው ነው፤ ሳንሱር የሚሸሽገው ማንም እንዳያገኘው ነው።

የውዳሴው ጠበቆች የመጨረሻ ምሽግ «ክልከላው ባይኖር ናፍቆቱም ባልኖረ» የሚል ነው። ማስረጃው ይህን አይደግፍም። የደቡብ ኮሪያ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት የፊልም ቅድመ ሳንሱር ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ የፈረደው በ1996 ነው። በዚያ አገር ሁለት ሴቶች ዛሬም በሕግ መጋባት አይችሉም፤ ሆኖም ከፍርዱ 20 ዓመት በኋላ የፓርክ ቻን ዉክ «አገልጋዪቱ» የአንዲት ወይዘሮና የአገልጋይዋን ፍቅር ያለ መሸፋፈን አሳየ፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ ተመልካችም በአገሩ አገኘ። ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ምስጢርና ናፍቆት ነው። አፍ መፈታቱ ከሁለቱ አንዱንም አላጎደለበትም።

የታይዋን ጉዳይ ደግሞ ክርክሩን ይዘጋዋል። ታይዋን በእስያ የመጀመሪያውን የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ሕግ ያጸደቀችው በ2019 ነው። በማግስቱ ዓመት የወጣው «በልብህ የተቀረጸው ስም» የሚጀምረው ግን በ1987፣ ወታደራዊው ሕግ በተነሣበት ዘመን፣ በአንድ የካቶሊክ ወንዶች ትምህርት ቤት ነው። ሁለቱ ልጆች የሚዋደዱትን ያህል ይፈራሉ፤ አንዱ ፍርሃቱን ለማምለጥ ከአንዲት ልጅ ጋር ይወዳጃል። ከብዙ ዓመት በኋላ ሁለት ጎልማሶች ሞንትሪያል ውስጥ ይገናኛሉ፣ በሌሊት ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ያኔ ያልተባለውንም ይናገራሉ።