ከቀብር በፊት የሚነፋ ጥሩምባ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬት ተንዶ ቤቶችን ዋጠ። ጎረቤት እንደ ወጉ አካፋና ዶማ ይዞ፣ ያላገኘውም በባዶ እጁ፣ የተቀበሩትን ሊያወጣ ሮጠ። ብዙም ሳይቆይ ተራራው ዳግም ተናደ። በአደጋው ካለቀው ከ200 በላይ ሰው ብዙው ለእርዳታ የመጣ ነበር።

ታዲያ የዚህ ቀበሌ አደጋን የመቋቋም አቅም ምን ያህል ነበር? መለኪያው መረዳዳት ቢሆን ከማንም አያንስም ነበር። ወገን ለወገኑ መሮጡ ግን ብቻውን አላዳነውም፤ «ቁሙ፣ አፈሩ ገና አልረጋም» ብሎ የሚያስቆም ዕውቀትም ያስፈልግ ነበር።

እስካሁን የምንቆጥረው ግን ይህን አቅም ሳይሆን ሟችን፣ ተፈናቃይንና የእርዳታ እህልን ነው። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተነገረ። ቁጥሩ ስንት ስንዴ እንደሚጫን አሳየ፤ የማን በሬ ገበያ እንደወጣ ግን አላሳየም። የእርሻ በሬውን የሸጠ ገበሬ ዝናብ ቢመለስም የሚያርስበት የለውም። በ1997 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም አንዱ ዓላማም ቤተሰብ ለዕለት ጉርስ ሲል ጥሪቱን እንዳይሸጥ ነው። በክፉ ዓመት ስንት በሬ ተሸጠ? ይህን ቀበሌው ራሱ ሊመዘግብ ይችላል።

በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ድሬዳዋን በሌሊት መትቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ከዚያ ወዲህ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንብ በሜትር ይለካል። ማስጠንቀቂያ ከወንዙ ዳር እስከ መጨረሻዋ ቤት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የአልጋ ቁራኛዋን እናት ማን ይሸከማል?

የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ የዕድር ዳኛ ያውቀዋል። የሰፈሩን ሰው ከቀበሌ መዝገብ ይልቅ የዕድር ደብተር ያውቀዋል ብንል ማጋነን አይሆንም። ድንኳኑም ጥሩምባውም ዝግጁ ነው፤ የሚጠብቀው ግን ሞትን ነው።

የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው። የአደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን ከክልሎች ጋር ሆኖ፣ ስጋት ባለባቸው ቀበሌዎች በየዓመቱ ከክረምት በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ከዕድሮች ጋር ይጠይቅ፤ ልምምድም ያድርግ፤ ውጤቱን በቀበሌው ሰሌዳ ይለጥፍ። ዝቅተኛ ውጤት ያመጣው ቀበሌ በግምገማ ሊወቀስ አይገባም፤ በጀት ቀድሞ ይድረሰው። አለዚያ ሁሉም ቀበሌ «ዝግጁ ነን» ብሎ ይጽፋል።