ቤታችንን በምን እናስጊጥ?

አዲስ ዓመት ሊገባ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ወደ መርካቶ የሄደ ሰው ሁለት ዓይነት አበባ ሲሸጥ ያያል። አንደኛው በመንገድ ዳር፣ በጆንያ ላይ ተዘርግቶ፣ እርጥበቱ ሳይለቀው የሚሸጠው አደይ አበባ ነው፤ አጠገቡም በእቅፍ በእቅፍ የታሰረ ለምለም ቄጠማ ተከምሮ ይታያል። ሁለተኛው በሱቅ ደጃፍ የተንጠለጠለው፣ ግንዱ ሽቦ፣ ቅጠሉ ጨርቅ፣ አበባው ፕላስቲክ የሆነው ነው። የመጀመሪያው በማግስቱ መጠውለግ ይጀምራል። ሁለተኛው አቧራው እየተራገፈ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ሁለቱን በዋጋና በዕድሜ ብቻ የሚያመዛዝን ሰው የቱን እንደሚመርጥ መናገር አያስቸግርም። እኔ ግን ሒሳቡ በዚህ መንገድ መሠራት የለበትም እላለሁ፤ ምክንያቴንም ተከታትላችሁ እንድትመዝኑት እሻለሁ።

በመጀመሪያ፣ ቤትን ለበዓል ማስጌጥ በዚህ ሰፈር ምን ማለት እንደነበረ እንመልከት። የአዲስ አበባ ታላቅ ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል ነበር። ጣሊያኖች አገራችንን በያዙባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ገበያው ወደ ምዕራብ ተዛውሮ ዛሬ ባለበት ስፍራ ተተከለ፤ መርካቶ የሚለው ቃልም በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። በገበያው ዙሪያ እንደ እንጉዳይ የፈሉት የአዲስ ከተማ ቤቶች በአብዛኛው የጭቃ ቤቶች ነበሩ፤ እንጨቱ ተማግሮ፣ ጭድ በተቦካበት ጭቃ ተመርጎ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ማለቴ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ክረምትን የሚያሳልፈው ቆስሎ ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ በመሆኑ፣ ጳጉሜን ሲደርስ የግድግዳው ግርጌ ርሶ፣ ምርጊቱ ተልጦ፣ ኖራው ወይቦ ይገኛል። ስለዚህ የቤቱ እመቤት ጭቃ ታስቦካለች፤ የተሸነቆረውን ታስደፍናለች፤ ኖራ ታስቀባለች፤ ወለሉ አፈር ከሆነም በእበት ትለቀልቃለች። የአዲስ ዓመት ጌጥ ከክረምት ጥገና የተለየ ሥራ አልነበረም። ቤቱ ያማረው የዳነ ስለሆነ ነበር።

ኖራ ለመግዛት አቅም ያነሰው፣ ወይም የጭቃውን መርገፍ ለመከላከል የፈለገ ሰው፣ ዱቄት በውሃ አፍልቶ ሙጫ ያበጅና ግድግዳውን በጋዜጣና በመጽሔት ገጾች ይለብጠው ነበር። ይህ ልማድ በብዙ የአዲስ አበባ ሰፈሮች የታወቀ ነው። በየዓመቱ በአሮጌው ላይ አዲስ ስለሚለጠፍበት ግድግዳው የዓመታት ዜና ተደራርቦ የተከማቸበት ይሆናል። ከግድግዳ ላይ ፊደል መለየትን ተለማመድን የሚሉ አዋቂዎች ጥቂቶች አይደሉም። (አንዳንዱ ልጅ ተገልብጦ በተለጠፈ ገጽ ምክንያት ፊደልን ዘቅዝቆ ማንበብም ይችል ነበር ይባላል፤ ይህን ለቀልድ ተዉት።) ጣራውን ደግሞ አቡጄዲ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ወጥረው ኮርኒስ ያደርጉለት ነበር። ይህን የማነሳው የጭቃ ቤት ኑሮ ይመለስ ለማለት አይደለም፤ ዝናብ የሚያፈስ ጣራ ማንንም አያስናፍቅም። ማለት የምፈልገው፣ ጌጡ ከወቅቱና ከቤተሰቡ እጅ የሚወጣ ነገር ነበር ነው።

ቄጠማውም እንዲሁ ነው። ቄጠማ የሚበቅለው በረግረግና በወንዝ ዳር ነው፤ በመስከረም መግቢያ ቤት ውስጥ ሲጎዘጎዝ ክረምቱ በሜዳ ላይ ያደረገውን ወደ ቤት ማስገባት ማለት ነው። ቤቱ ከውጭ ያለውን ዓለም ይመስላል። በረገጡት ቁጥር የሚወጣው ሽታ፣ ከቡናውና ከዕጣኑ ጋር ተቀላቅሎ፣ ዓይኑ የማያይ ሰው እንኳ ዛሬ በዓል መሆኑን እንዲያውቅ ያደርገዋል። በትንሣኤ ዋዜማ፣ በቀዳም ስዑር፣ ካህናት ለምእመናን ቄጠማ ያድላሉ፤ ምእመናኑም በራሳቸው ላይ ያስሩታል። ይኸውም ርግብ ለኖኅ ይዛ የመጣችውን የለመለመ ቅጠል፣ ማለትም የጥፋቱን ውሃ መጉደል፣ ለማሰብ ነው። አደይ አበባም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሲያልፍ ብቻ የሚፈነዳ በመሆኑ የቀን መቁጠሪያ ሆኖ ያገለግላል። ዓመቱን ሙሉ በሱቅ ደጃፍ የሚውል አበባ ግን ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ሊነግረን አይችልም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ለከተማይቱ የአበባ ስም ሲሰጧት፣ ሳይጠወልግ ዘመን የሚያስቆጥር አበባ እንዳላሰቡ የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልታነሡ ትችላላችሁ፤ ማንሣትም ይገባችኋል። በመርካቶ ታላቁ አንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤታሞች ናቸው። የእስልምና በዓላት የሚውሉት በጨረቃ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ኢድ በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል፤ በሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማም ክረምቱንም በጋውንም ይዞራል። እንግዲህ ጌጥ ወቅትን ይከተል ማለት ለክርስቲያኑ ብቻ የሚሆን ሐሳብ አይደለምን? አይመስለኝም። ለኢድ ቤቱ ከዳር እስከ ዳር ይታጠባል፤ ስጋጃው ተራግፎ ይነጠፋል፤ ዕጣን ይጨሳል። ከዚያ በተረፈ ወቅቱ ያመጣውን መቀበል ይቻላል፤ ኢድ በመስከረም ሲውል አደዩ ለሁሉም ነው፤ በበጋ ሲውል ደግሞ ሌላ ነገር አይጠፋም።

ደግሞም መርካቶ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚገበያይበት ስፍራ ነውና ከየሰዉ የምንማረው ሞልቷል። መስቀል ሲቃረብ ከሱቆቹ አያሌዎቹ ይዘጋሉ፤ ባለቤቶቻቸው ወደ ጉራጌ አገር ለበዓሉ ይጓዛሉና። እዚያ ጌጡ በቤት ውስጥ አይወሰንም፤ በቤቶቹ ፊት የተዘረጋውና ጀፎረ የሚባለው ሳር የለበሰ ሰፊ መንገድ የመንደሩ ሁሉ የጋራ ሳሎን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከምሥራቅ የመጣውን የሐረሪን ቤት ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ጥበብ ያገኛል። ወለሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ መደቦቹ በቀይ አፈር ይቀባሉ፤ ቀይነቱም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ለማስታወስ ነው ሲባል ይነገራል። በግድግዳው ላይ ተደርድረው የሚሰቀሉት ስፌቶች በቤቱ ሴቶች እጅ የተሠሩ ናቸው። እንግዳ የገባ እንደሆነ ጌጡን አይቶ አያበቃም፤ ይህን ማን ሰፋው ብሎ ይጠይቃል፤ አያት ወይም አክስት በስም ትጠራለች። ከሱቅ የተገዛን ጌጥ ያየ እንግዳ የሚጠይቀው ግን ስንት ገዛችሁት ብሎ ነው።

አሁን ወደ ገና ልለፍ፤ ከሁሉ ይበልጥ የምከራከረው በዚህ ነውና። በታኅሣሥ ወር በመርካቶ ሱቆች የፕላስቲክ ጥድ ይደረደራል፤ በላዩም በረዶ እንዲመስል ጥጥ ይበተንበታል። የጥዱ ልማድ በጀርመን አገር ሲጀመር ትክክለኛ የወቅት ጌጥ ነበር። እዚያ በገና ሰሞን ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ፣ ምድር በብርድ ተይዛ፣ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ጥድና መሰሎቹ ብቻ ስለሆኑ፣ ሰዎች ያንን ቆርጠው ወደ ቤት አስገቡ። ኢራናውያንም በጸደይ መግቢያ የሚውለውን ኖውሩዝ ሲያከብሩ ስንዴ በሳህን ላይ አብቅለው ለምለሙን በማዕድ ላይ ያኖራሉ። ሁለቱም በደጃቸው ያለውን ነገር ተመለከቱ። እኛስ? ታኅሣሥ 29 ቀን በአዲስ አበባ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ በገጠር እህሉ ከአውድማ ላይ ነው። በዚህ ፀሐይ መካከል ቤታችን ውስጥ በረዶ መውረዱ ያስቃል እንጂ አያስጌጥም። ከፕላስቲኩ ይልቅ ሕይወት ያለውን የሐበሻ ጽድ የሚቆርጡም አሉ፤ ይህ ደግሞ ይብሳል። ጽድ በዝግታ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ለሦስት ቀን ጌጥ ተብሎ ችግኙ ሲቆረጥ የሚጠፋው የብዙ ዓመት ዕድገት ነው።

ለገና ወቅቱ የሚሰጠን ነገር የለም እንዳትሉኝ። በመስከረምና በጥቅምት የሚለቀመው ስንደዶና አክርማ በበጋው ተሰፍቶ ሰፌድ፣ ሌማትና መሶብ ይሆናል። የስንዴና የገብስ ዛላ ከነአገዳው ታስሮ በግድግዳ ላይ ሲሰቀል ወርቅ ይመስላል፤ ወሩም የእህል ወር መሆኑን ይናገራል።

የሚቃወሙኝ ሰዎች ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። አንደኛው፣ ቄጠማና አበባ እየተቆረጠ ተፈጥሮ ይጎዳል የሚል ነው። ቄጠማ ከሥሩ ካልተነቀለ በቀር እንደገና ያቆጠቁጣል፤ የሚያጠፋው ረግረጉን ማድረቅና ቆሻሻ መጣያ ማድረግ ነው። አደይ አበባን በሚመለከት ግን ተቃውሞው እውነትነት አለው። አደይ ለሚቀጥለው ዓመት የሚተርፈው በሚያረግፈው ዘር ነው። ልጆች እየተሽቀዳደሙ ከነሥሩ ሲነቅሉትና ለደመራ በሸክም ሲወሰድ፣ ሜዳውም በየዓመቱ በሕንፃ ሲያዝ፣ ዘር የሚጥለው ያንሳል። ስለዚህ ስትለቅሙ አገዳውን ቁረጡ እንጂ አትንቀሉ፤ ከአንድ ስፍራም ሁሉንም ጠርጋችሁ አትውሰዱ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የድህነት ነው። አንዲት እናት አንድ ጊዜ በገዛችው የፕላስቲክ አበባ አምስት አዲስ ዓመት ብታከብር ማን ሊነቅፋት ይችላል? እኔ አልነቅፋትም። እርሷ አበባውን በየዓመቱ ታጥባለች፤ በመታጠቡም የቤቷ ሥራ አካል ሆኗል። የምነቅፈው በየዓመቱ አዲስ ይገዛ የሚለውን ነው። በአሁኑ ጊዜ በዓል ሲደርስ መጋረጃው ይቀየር፣ የሶፋው ልብስ ከመጋረጃው ጋር ይመሳሰል፣ ምንጣፉም ከጎረቤት ምንጣፍ አይነስ ይባላል። ለሱቅ ዕቃ መግዣ የታሰበ ዕቁብ ወጥቶ ለመጋረጃ ይውላል፤ ያም ካልበቃ ብድር ይጠየቃል። አስቡት፤ መስከረም የትምህርት ቤት መከፈቻም ነው። ደብተር፣ የደንብ ልብስና ጫማ የሚገዛበት ገንዘብ የሚወጣው መጋረጃው ከሚገዛበት ከዚያው ኪስ ነው። አዲስ መጋረጃ በተሰቀለበት ቤት ውስጥ ያለ ጫማ ትምህርት የሚጀምር ልጅ ካለ፣ ያ ቤት አጊጧል ለማለት አፌ አይደፍርም። በእናንተ ዕድሜ ያለ ልጅ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ዝም ብሎ ተመልካች አይደለም፤ የእገሌ ቤት እንዲህ ተደርጓል እያለ ወላጆቹን የሚወተውተው ብዙውን ጊዜ እርሱ ነውና።

እናንተ ልትሠሩ የምትችሉት ሥራ ግን በእጃችሁ አለ። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ወንዶች ልጆች በወረቀት ላይ አበባና መልአክ ሥለው በየቤቱ ያድላሉ፤ ልጃገረዶችም አበባዬ ሆይን እየዘፈኑ ለምለም ሳርና አበባ ይሰጣሉ። የተሣለው ወረቀት በግድግዳ ላይ ተለጥፎ እስከ መስቀል፣ አንዳንዴም እስከ ገና ይቆይ ነበር። ዛሬ ብዙዎች ታትሞ የተዘጋጀ ፖስት ካርድ ከመርካቶ በጅምላ ገዝተው ያንኑ ያድላሉ። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ግን በአንድ መንደር ውስጥ አሥር ቤት አንድ ዓይነት መልአክ ተለጥፎ ይታያል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይህ የሕፃናት ሥራ ነው ሊል ይችላል። እንግዲያው ለታናሾቹ ቀለሙን ይበጥብጥላቸው፤ ግድግዳውን ኖራ ይቀባ፤ ቄጠማውን ከገበያ ተሸክሞ ያምጣ። ይህ ሥራ የእናትና የእህት ብቻ ነው የሚል ወንድ ልጅ ካለ፣ በዓሉን የሚያከብረው በሌላ ሰው ድካም መሆኑን ይወቀው።

በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ተማሪዎች፣ ቄጠማው ሴራሚኩን ያቆሽሻል፣ ከደረጃው ላይ ሲረግፍም ጎረቤት ይቆጣል ይሉ ይሆናል። ቤቱን ሁሉ መጎዝጎዝ ግዴታ አይደለም። ከረከቦቱ ሥርና ዙሪያ አንድ እቅፍ ይበቃል፤ ከበሩ ጀርባም ጥቂት ቢጣል የሚገባ እንግዳ ሽታው ይቀበለዋል። በማግስቱ ከመድረቁ በፊት በመጥረጊያ ሰብስባችሁ፣ በግ ወይም ፍየል ላለው ሰው ስጡት፤ ከሌለም በግቢው ተክል ሥር ጨምሩት።