ፔሊካኑ አልመረጠም፣ ደራሲው ግን መርጧል

አዳማ ላይ ፊልም የሚጽፉና ድራማ የሚያዘጋጁ ወጣቶች አንድ የለመዷት መልስ አለቻቸው። «ይህን ታሪክ ሌላ ቦታ አይቼዋለሁ» ሲባሉ «አዳፕት አድርጌው ነው» ይላሉ፤ ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል። ታሪኩ ከማን እንደተወሰደ ፖስተሩ ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም። «ድርሰትና ዝግጅት» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ያለው የራሳቸው ስም ብቻ ነው።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የድራማ ክበቡን እይዛለሁ። ጠዋት ስለ ቁልቋልና ስለ ፍላሚንጎ መላመድ አስረዳለሁ፤ ከሰዓት አንድ የውጭ ታሪክ እንዴት የእኛ መድረክ ላይ እንደሚቆም ከልጆቹ ጋር እከራከራለሁ። ነገሩን ከሁለቱም ወገን ስለማየው አንድ ነገር ያናድደኛል። መድረክ ላይ አስቦና መርጦ የወሰደ ሰው እያለ፣ ታሪኩ እንደ ጫካ አበባ ራሱን በራሱ እንዳበቀለ ዝም እንላለን። ሐይቅ ዳር ስንደርስ ደግሞ ምንም ምርጫ የሌለውን አሳና ወፍ «ይላመዳል» ብለን የእኛን ጥፋት እናሸክመዋለን።

ከመድረኩ ልጀምር። አንድ የክበቤ ልጅ ከኮሪያ ተከታታይ ድራማ የወሰደውን ታሪክ አማርኛ አድርጎ አመጣልኝ። ልጅቷ ድሃ ናት፣ ልጁ የሀብታም ልጅ ነው፤ የልጁ እናት ልጅቷን ካፌ ትጠራትና ጠረጴዛው ላይ ብር የያዘ ፖስታ ታስቀምጣለች፣ እምቢ ስትባል ብርጭቆ ውሃ ፊቷ ላይ ትደፋባታለች። ተማሪዬ የቀየረው የካፌውን ስምና የሰዎቹን ስም ነው። ሴቲቱን ወይዘሮ አድርጓታል፣ ነጠላ አልብሷታል፣ ውሃውን ግን ትደፋለች።

«አዳማ ውስጥ እንዲህ ያለች እናት ውሃ ትደፋለች?» አልኩት።

አሰበና «አትደፋም ቲቸር፣ ሰው ምን ይለኛል ትላለች» አለኝ።

«ታዲያ ምን ታደርጋለች?»

በሳምንቱ ያመጣው ትዕይንት ከመጀመሪያው ጋር አይገናኝም። አሁን የልጁ ወገኖች እናትየዋ ሳታውቅ ወደ ልጅቷ ቤት ሽማግሌ ልከዋል። እናትየዋ ሰምታ ሽማግሌዎቹን ቤቷ ታስጠራቸዋለች። ሲመጡ በሩ ይከፈታል፣ እሷም ደጃፉ ላይ ትቆማለች፤ ጤና ትጠይቃለች፣ የዝናቡን ነገር ታነሳለች፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስላመመው ጉልበቱ ትጠይቀዋለች። «ግቡ» ግን አትልም። ሦስት ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ፀሐይ ላይ ይቆማሉ። ልምምዱ ላይ ይህን ስናይ ክፍሉ ጭጭ አለ። ከአንድ ብርጭቆ ውሃ የከበደ ስድብ መሆኑን ማንም አላስረዳቸውም።

ማላመድ ማለት ለእኔ ይኼ ነው። ልጁ ሥራ ሠርቷል፤ የኮሪያው ጸሐፊ ያላሰበውን አስቧል። ፖስተሩ ላይ «ከኮሪያ ድራማ የተወሰደ» ብለህ ጻፍ ስለው ግን ፊቱ ጠቆረ። «አዳፕት አድርጌው የለ እንዴ ቲቸር? አሁን እኮ የኔ ነው» አለ። ልጁን አልወቅሰውም። ከትልልቆቹ ያየው ይህንኑ ነው።

የእኛ ዘመናዊ ቴአትር መነሻው ራሱ እንዲህ ያለ ሥራ ነው። ሩሲያ ተምረው የመጡት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ሲጽፉ መነሻቸው የፈረንሳዊው ላ ፎንቴን የእንስሳት ተረቶች ነበሩ። በእንስሳቱ አፍ የተናገሩት ግን ስለ አዲስ አበባ ሹማምንት ነው። ሹማምንቱም ራሳቸውን አላጡትም፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር ታገደ። የፈረንሳይ ቀበሮ አዲስ አበባ ገብታ ሰው ማስቆጣት ከቻለች በደንብ ተላምዳለች ማለት ነው። ላ ፎንቴን በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1668 የመጀመሪያውን መድበል ሲያሳትም ርዕሱን የተመረጡ ተረቶች በግጥም ተሰድረው እንደማለት ነበር ያደረገው፤ የኤዞፕን የሕይወት ታሪክም መግቢያው ላይ አኖረ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ መድበል ሲያወጣ ከሕንዱ ጠቢብ ከፒልፓይ ብዙ መውሰዱን በግልጽ ጻፈ። ይህን በመናገሩ ማንም «ተረት ሰራቂ» አላለውም። እስከ ዛሬ ላ ፎንቴን ነው።

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ኦቴሎንና ሐምሌትን ለአማርኛ ሲያበቃ ሼክስፒርን አልደበቀውም፤ «የፌዝ ዶክተር»ን ሲሠራ ሞልየር አልተሰወረም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የልቦለዱን ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሳን በድምፁ እንደ አዲስ ፈጥሮታል፤ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ጉዱ ካሳን የሚያውቀው በወጋየሁ ጉሮሮ ነው። ሆኖም የደራሲው የሐዲስ ዓለማየሁ ስም በየትኛውም አድማጭ ዘንድ አልጠፋም። የወጋየሁ ክብርም በዚህ አልቀነሰም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ሲጀምር የኪነ ጥበብ ባለሙያዎቻችን ብዙ ተቃውመዋል፤ ከሥጋታቸው የምጋራው አለ። ነገር ግን እዚያ ተመልካቹ የሚያየው የቱርክ ሰው፣ የቱርክ ስም፣ የቱርክ ከተማ ነው። አልተታለለም።

አሁን ወደ ጠዋቱ ሥራዬ።

በየዓመቱ ተማሪዎቼን ከግቢያችን ጀርባ ወዳለው ጉብታ አወጣቸዋለሁ። እዚያ ቁልቋል አለ፤ ጥቂት ወረድ ብሎ አንድ ሰው የተከለው በለስ አለ። ሁለቱም ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ እሾሃም ናቸው፤ ሁለቱም የቅጠልን ሥራ ለግንዳቸው ሰጥተዋል፤ ሁለቱም የቀኑን ሐሩር ሸሽተው አየር የሚያስገቡት ሌሊት ነው። ልጆቹ «ዘመዳሞች ናቸው» ይላሉ። በቢላ ሁለቱን ጫር አደርጋቸዋለሁ። ከቁልቋሉ ነጭ ወተት ዱብ ዱብ ይላል፤ ዓይን ያጠፋልና እንዳትነኩ እላለሁ። ከበለሱ የሚወጣው የተልባ ልጋግ የመሰለ የጠራ ፈሳሽ ነው። ቁልቋሉ የአፍሪካ ነው፣ በለሱ ከአሜሪካ አህጉር በሰው እጅ የመጣ እንግዳ ነው። ባሕር ለይቷቸው፣ ተያይተው ሳያውቁ፣ ድርቅ ሁለቱንም አንድ መልክ አስያዛቸው።

እዚህ ላይ ነው አጥብቄ የምናገረው። የቁልቋል ቅድመ አያት ዝናብ ሲጠፋ «እንግዲህ ቅጠሌን ላራግፍ» ብላ አልወሰነችም። ትንሽ ወፈር ያለ ግንድ ይዘው የተወለዱት ተረፉ፣ የቀሩት ደረቁ፤ የተረፉት ዘር ተዘራ፤ ይህ ለሺህ ሺህ ትውልድ ተደጋገመ። አንድ ተክል በዕድሜው አይላመድም። የሚላመደው ዘሩ ነው፣ ዋጋውም የሚከፈለው በማይተርፉት ነው። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 የጻፈው ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ሰውም ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ሰሜን ተራሮች ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምረው ሂሞግሎቢናቸው ቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የሰሜኖቹን ከባሌ ደጋ ኦሮሞዎች ጋር አነጻጸረ። የሰሜኖቹ በደጋ ቢያንስ 5,000 ዓመት ኖረዋል ተብሎ ይገመታል፤ የባሌዎቹ ወደዚያ ከፍታ ከወጡ 500 ዓመት ገደማ ነው፣ ሂሞግሎቢናቸውም ከሰሜኖቹ ከፍ ያለ ነው። አምስት መቶ ዓመት ለታሪክ ጸሐፊ ረጅም ነው፤ ለደም ግን ገና ማለዳ ነው። ከአዳማ ተነስቶ አሰላን አልፎ በቆጂ የሚወጣ ሯጭ ደሙ በሳምንታት ውስጥ ይወፍራል፤ ወደ አዳማ ሲመለስ ይቀንሳል። ያ የአንድ ሰው ገላ ማስተካከያ ነው፣ ለልጁ አያወርሰውም። ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያፈራችው በቆጂ ስትነሳ «አየሩን ተላምደውት ነው» ብሎ መደምደም የሚቀናው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን በየማለዳው በብርድ የተሮጠውን ሩጫ ማን ሮጠው እላለሁ።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ስለ አብጃታ ሐይቅ ለመናገር ነው። በባቱ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚሄድ ሰው በስተቀኝ ያለውን ሐይቅ ሲያይ ዳርቻው በኪሎ ሜትር ወደ ኋላ መሸሹን ያስተውላል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። የዝዋይ ሐይቅን ትርፍ ውሃ የሚያመጣለት የቡልቡላ ወንዝ በመንገዱ ለመስኖ ይቀዳል፣ ዝዋይ ራሱ ለአበባና ለአትክልት እርሻ ይሳባል፣ ከአብጃታም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውሃ ተቀድቷል። ውሃው ሲያንስ ጨዉና ሶዳው በረታ። ቀድሞ ቆሮሶ የተባለው አሳ ይጠመድበት የነበረ ሐይቅ አሳ አልባ ሆነ። ነጭ ፔሊካኖች ጎጇቸው ጎረቤቱ ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ነበር፤ ሻላ ጥልቅ ነው፣ ደሴቷም አውሬ አይደርስባትም፤ ምግባቸው ግን አብጃታ ነበር። አሳው ሲጠፋ ለጫጩቶቻቸው ዝዋይ ድረስ እየበረሩ መመላለስ ግድ ሆነባቸው። ፍላሚንጎው እስካሁን አለ፤ ምንቃሩን ገልብጦ የሶዳ ውሃ ውስጥ ያለውን ደቃቅ አልጌ የሚያጠልል ፍጥረት ነውና። ያ ምንቃር ግን የተሠራው ውሃውን የሚስበው ፓምፕ ከመምጣቱ በፊት በነበሩ ሚሊዮን ዓመታት ነው።

በየስብሰባው ግን «ብዝኃ ሕይወቱ ከለውጡ ጋር ይላመዳል» የሚል ሰው አይጠፋም። በኋላ ሻይ ላይ ጠጋ ብዬ «በስንት ትውልድ?» ብዬ የጠየቅኩት አንድ ባለሙያ ሳቀና ሳምቡሳውን ጎረሰ። ቆሮሶው አልተላመደም፣ አለቀ። ፔሊካኑ ሩቅ መብረርን አልመረጠም፣ ተገደደ። ምርጫ የነበረው ሰው ፓምፑን ያስነሳው ነው፤ እሱ ደግሞ ስም፣ ፈቃድና ማኅተም አለው።

ሊንዳ ሃቺን የተባለች የሥነ ጽሑፍ ምሁርና ጋሪ ቦርቶሎቲ የተባለ የባዮሎጂ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለቱን መላመዶች አገናኝተው ጽፈዋል። ባዮሎጂ አንድን ፍጥረት ቅድመ አያቱን ምን ያህል መሰለ ብሎ እንደማይመዝን ሁሉ፣ ከመጽሐፍ የተወሰደ ፊልምም ለመጽሐፉ ምን ያህል ታማኝ ነው በሚል ብቻ አይመዘን ነው ነገራቸው። እስከዚህ ድረስ አብሬያቸው ነኝ። የተማሪዬ ሽማግሌዎች ከኮሪያው ብርጭቆ ይበልጣሉ፤ ታማኝ ባለመሆናቸው ነው የበለጡት። ከዚያ በላይ ንጽጽሩን መሳብ ግን አልወድም። ቁልቋል ከማንም አልወሰደም፣ ማንንም ማመስገን አይጠበቅበትም። ጸሐፊ ግን ከሰው ነው የሚወስደው፤ ያ ሰው ሌሊት አምሽቶ የጻፈ፣ ቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ነው።

ሕጉም ይህንኑ ይላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የመተርጎምና የማላመድ መብት የደራሲው መሆኑን ይደነግጋል፤ ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ሞልየርን፣ ሼክስፒርን፣ ላ ፎንቴንን የፈለጋችሁትን አድርጓቸው፤ ስማቸውን መጥራት ብቻ ይበቃል። በ1996 ዓ.ም. ያረፉትን የሐዲስ ዓለማየሁን ወራሾች ግን ማስፈቀድ ግድ ነው።

ስለዚህ በአዳማው የአባ ገዳ አዳራሽም ሆነ በየትምህርት ቤቱ መድረክ ቴአትር ለምታሳዩ ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ ፖስተራችሁ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፣ ከማን እንደወሰዳችሁ ጻፉ። ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሪፖርት የምታዘጋጁም «ተላምዷል» ከማለታችሁ በፊት ውሃውን ማን በምን ያህል ፓምፕ እንደሚስብ በስሙ ጻፉ። ተማሪዬ በመጨረሻ ፖስተሩ ላይ ጽፎታል፤ በትንንሽ ፊደል ቢሆንም ይነበባል።