ጅቡንማ ቀረጹት፤ አያቶቻችንንስ?



ሐረርን በዓይኑ ያላየ ሰው ስለ ሐረር ምን ታውቃለህ ቢባል ቀድሞ የሚመጣለት ጅብ ነው። ሰው በእንጨት ጫፍ ሥጋ አንጠልጥሎ ጅብ ሲያበላ ያልተቀረጸበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2016 «ፕላኔት ኧርዝ 2» በተሰኘው ተከታታይ ዘጋቢ ፊልሙ፣ ስለ ከተሞች በሚናገረው ክፍል፣ ሌሊት በጁገል መተላለፊያዎች የሚመላለሱትን ጅቦች ለዓለም አሳይቷል። ጅቦቹ በእርግጥ ያስደንቃሉ። ነገር ግን ዩኔስኮ 82 መስጊዶችና 102 ዚያራዎች እንዳሏት መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተቀበላት ከተማ በጅብ ብቻ ስትታወቅ ሆድ አይብስም?

ይብሳል። ሆድ የባሰው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚወቅሰው ሌላውን ነው፤ እኔም በዚህች ጽሑፍ የምሟገተው ከዚህ ልማዳችን ጋር ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ብዙ ያነጋገረውን ፊልም እንውሰድ። እናቷ ሜክሲኳዊት፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ የሆነችውና በልጅነቷ ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሺር አሥር ዓመት ያህል እየተመላለሰች የሠራችው «ፋያ ዳዪ» እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ በሚካሄደው ታዋቂ የዘጋቢ ፊልሞች ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ወሰደ፤ ለኦስካር ከታጩት 15 ዘጋቢ ፊልሞች ዝርዝር ውስጥም ገባ። ሁለት ሰዓት ያህል የሚፈጀው ይህ ፊልም ከዳር እስከ ዳር በጥቁርና ነጭ የተሠራ ነው። የጫት ገበሬዎችን፣ ጫት አሳሪዎችን፣ ሀገር ጥሎ ለመሄድ የሚያሰላስል ልጅን፣ የሕይወትን ውኃ ፍለጋ የሚተርከውን የሱፊዎች የቆየ ትረካ ሳይቀር ያሳያል። ከፈረንጅ ድምፅ ይልቅ የሚሰማው የአካባቢው ቋንቋ ነው። ውጭ ሀገር ያለው ተመልካች ከሥር የተጻፈውን ትርጉም ሲያነብ የሐረርጌ እናት ቁጭ ብላ በጆሮዋ ትሰማዋለች።

ታዲያ የኛ ሰው ምን አለ? «ስማችንን በጫት አጠፋች!» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ከሚሉት መካከል ፊልሙን ያዩት ጥቂቶች ናቸው። ለመሆኑ ጫቱን የተከለችው እሷ ናት? ሐረርን በዓለም ያስጠራው ቡና ከየማሳው እየተነቀለ ጫት ሲተካ ካሜራ የያዘ ሰው ነበር የነቀለው? ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው አወዳይ ሌትና ቀን የሚጫነውን ጫት እኛ አላየንም? በየቤታችን መጅሊስ ላይ ከዙህር እስከ መግሪብ የሚቀመጠው ማነው? መስተዋት የሰበረ ሰው ፊቱን አያጸዳም።

እኔ ፊልሙ ላይ ቅሬታ የለኝም ማለቴ አይደለም። ጭጋጉና ጭሱ በዝቶብኛል፤ መድረሳ ሄዶ ቀርቶ፣ ነግዶ፣ ልጅ አሳድጎ የሚኖረው ሐረሬ በቂ ቦታ አላገኘም እላለሁ። ግን እሷ የራሷን ትዝታ ነው የሠራችው። የኔን ትዝታ እንድትሠራልኝ ውል አልገባችልኝም። የጎደለውን የመሙላት ግዴታ የማን ነው?

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች «ሥዕልና ቀረጻ ምን ያደርግልናል? ሰለፎች ያልሠሩት ነገር ነው» ይላሉ። የቀረጻን ሑክም ለዑለማእ እተዋለሁ፤ የኔ ወሰን አይደለም። አንድ ነገር ግን ላስታውስ። በየማማ ዘመቻ ብዙ የቁርኣን ሐፊዞች በተሰዉ ጊዜ ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ አቡበክር (ረ.ዐ.) ሄደው ቁርኣኑ በአንድ ይሰብሰብ አሉ። አቡበክርም መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) ያልሠሩትን እንዴት እሠራለሁ ብለው ነበር በመጀመሪያ ያመነቱት። ኋላ አላህ ልባቸውን ከፈተላቸውና ሥራው ለዘይድ ኢብኑ ሣቢት ተሰጠ። ጃቢር ኢብኑ ዐብደላህም (ረ.ዐ.) አንዲት ሐዲሥ ከሰማት ሰው አፍ ለመስማት የአንድ ወር መንገድ ወደ ሻም ተጉዘዋል። የአያቶቻችንን ወግ ከአላህ ቃልና ከሐዲሥ ጋር ማነጻጸሬ አይደለም፤ አዑዙ ቢላህ! የምለው፣ አዋቂ ከመሞቱ በፊት የሚያውቀውን መያዝ የዚህ ኡማ ጠባይ ነበር ነው። ሥዕል የማይዋጥለት ሰው ድምፅ ብቻ ይቅዳ።

ደግሞም ይህን ክርክር የሚያነሳው ቤት ልጁን ሲድር ሁለት ካሜራ ይከራያል። የሠርጉ ቀረጻ የሩዙን ትሪ፣ የመኪናውን ሰልፍ፣ የሙሽራዋን ጫማ ሳይቀር ያሳያል። የድሮውን የሠርግ ዚክር በቃሏ የምታውቀው አሮጊት ግን ነደባው ጥግ ተቀምጣ ካሜራው አልፏት ይሄዳል። አፎቻዎቻችን ለለቅሶና ለደስታ ስንት ሰው ያንቀሳቅሳሉ! አንድ አፎቻ በዓመት ሁለት ሽማግሌ ቢያስቀርጽ ምን ይከብደዋል?

አይቻልም እንዳይባል ምስክር አለን። የሸሪፍን ሙዚየም ያየ ያውቃል። ዐብዱላሂ ሸሪፍ የሚባሉ አንድ ሐረሬ፣ መንግሥት ይርዳኝ ሳይሉ፣ የእጅ ጽሑፍ ኪታቦችን፣ ሳንቲሞችን፣ ልብሶችንና የቆዩ የድምፅ ቅጂዎችን ከየቤቱ እየለመኑና እየገዙ ሰበሰቡ። በመኖሪያ ቤታቸው የጀመሩት ሥራ ዛሬ ከዓለም ዙሪያ የሚመጣ እንግዳ የሚጎበኘው ሆኗል። እኛ ደግሞ የአያታችንን ኪታብ በኬሻ ጠቅልለን አይጥ ይበላዋል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ የሸዋሊድን በዓል በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበው። ደስ አለን፣ ተጨበጨበ። ሰነዱ ዩኔስኮ ዘንድ አለ፤ በዓሉ ግን የሚኖረው በሰው ውስጥ ነው።

የራሴን ጥፋት ልናገርና ላብቃ። የአባቴ አክስት ጁገል ውስጥ ነበሩ፤ «አይ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። የየመተላለፊያውን ስም ከነምክንያቱ፣ የትኛው ቤት የማን መድረሳ እንደነበረ፣ በልጅነታቸው ኪታብ ይደጉስ የነበረው ሰው ቆዳውን በምን እንደሚያለፋ ይነግሩን ነበር። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። «በሚመጣው ዒድ እቀዳቸዋለሁ» አልኩ። ዒዱ መጣ፤ እሳቸው አልነበሩም፤ አላህ ይዘንላቸው። ስልኬ ውስጥ የቀረው የአንድ ዘመድ ሠርግ የሦስት ሰዓት ቪዲዮ ነው። በቪዲዮው ለሁለት ሰከንድ ያህል ይታያሉ፤ ለአንዲት ሴት አንድ ነገር እየነገሯት ነው፤ ድምፃቸው ግን በሙዚቃው ተውጦ አይሰማም።

ጎረቤታቸው የነበሩት እናት ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ዘጠና ይጠጋቸዋል። ካሜራ አይወዱም፤ ድምፃቸውን ግን ፈቅደዋል። የሴቶች ወግ ስላለበት የምትቀዳቸው እህቴ ናት። ዐርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እንሄዳለን፣ ኢንሻአላህ። የመጀመሪያው ጥያቄያችን ያ ኪታብ ደጓሽ ማን ይባል እንደነበር ነው።